አጋዘንንና ራኩንን በአንድ አጥር ስለ መከላከል

አትክልትዎን ከአጋዘንም ከራኩንም (ከድመት ጥቂት የሚተልቅ፣ መውጣት የሚችል የሰሜን አሜሪካ የዱር እንስሳ) በአንድ አጥር መከላከል ይቻል እንደሆነ ለጠየቁት፣ ይቻላል፤ ለአጋዘን ዘሎ የማያልፈው፣ 2.4 ሜትር ገደማ ቁመት ያለው የሽቦ መረብ ይበቃል። ራኩን ግን መረቡን እንደ መሰላል ስለሚወጣው ቁመት አያግደውም፤ እሱን የሚመልሰው ከመረቡ በስተውጭ፣ ከመሬት 15 እና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ሁለት መስመር የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ለአጥር ተብሎ ከተሠራ መሣሪያ ብቻ ይሁን፤ ከቤት መስመር በቀጥታ ማገናኘት ሰው ይገድላል። ሣር ሽቦውን ከነካ ኃይሉ ስለሚዳከም ሥር ሥሩን ማጨድ ያስፈልጋል። በቆሎ ዘርተው ከሆነ እሸቱ ከመድረሱ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ያብሩት፤ ራኩን አንዴ ከቀመሰ ተመላልሶ ይመጣልና። ሽታቸው ያባርራል የሚባሉትን መርጫዎች ዝናብ ስለሚያጥባቸው፣ በእኔ አስተያየት በእነሱ ብቻ መተማመን አይገባም።