ስፌቱ ውስጥ ጨርቅ ተዉለት

ልጆቼ፣ ቤት ውስጥ ልብስ መስፋት ልንጀምር ነው የምትሉኝ በዝታችኋል። ደስ ብሎኛል። ሴቶቹም ወንዶቹም ትጠይቁኛላችሁ፤ ጥያቄያችሁም ብዙውን ጊዜ "የትኛውን የስፌት መኪና እንግዛ?" የሚል ነው። መኪናው ይደርሳል። ከእሱ በፊት ግን ሐረር፣ ሸንኮር ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሰፋ ይህን ሁሉ ዓመት አጥብቄ የያዝኩትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ተመልሶ ሊፈታ የማይችል ልብስ አትስፉ።

እስቲ ከሱቅ የገዛችሁትን አንድ ሱሪ ገልብጡና የጎኑን ስፌት ተመልከቱ። ከስፌቱ ወዲያ የቀረው ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የቀረውን ኦቨርሎኩ፣ ጠርዙን እየቆረጠ የሚሰፋው መኪና፣ በልቶታል። ፋብሪካ በሺህ የሚቆጠር ሱሪ ሲያወጣ ከእያንዳንዱ የምትቀነሰው ቅንጣቢ ጨርቅ ብዙ ገንዘብ ናት፤ አይፈረድበትም። ለባሹ ግን ትንሽ ከወፈረ ሱሪው አለቀለት። አሁን ደግሞ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በልካቸው ያሰፉት አሮጌ ሙሉ ልብስ ካለ ከሳጥን አውጡ። የሱሪውን የኋላ ስፌት እዩት። ከታች ጠበብ ብሎ ይነሳና ወገቡ ጋ ሲደርስ 3 ሳንቲ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። ሰፊው ረስቶት አይደለም። ያ ወጣት ደንበኛው የዛሬ 10 ዓመት ቦርጭ ይዞ እንደሚመጣ ያውቃል።

እኔ ይህን ያየሁት መኪና ግርግር ነው። ሐረርን ለማታውቁ፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ገበያ የሚያወርደው መንገድ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ ይደረደራሉ። ልብስ ስፌት መማር የሚፈልግ ልጅ ግማሽ ቀን እዚያ ቆሞ እጃቸውን ቢያይ ስልኩ ላይ ከሚያየው ቪዲዮ ይበልጥ ይማራል ብዬ አምናለሁ። ስታዩ ታዲያ አዲስ ጨርቅ የሚቆረጥበትን ብቻ አትዩ። አሮጌ ልብስ ይዞ የመጣውን ሰው ጠብቁ። ሰፊው ልብሱን ይገለብጠዋል። ስፌቱን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ይዞ ከላይ እስከ ታች ይዳብሰዋል። ከዚያ "አለው" ወይም "የለውም" ይላል። ካለው ልብሱ ገና ዓመታት ይለበሳል። ከሌለው ሰውዬው ይዞት ይመለሳል።

ምን ያህል ልተው ካላችሁ፣ የእኔ ልክ ይህ ነው። ለቀሚስም ለሱሪም ጎን 2.5 ሳንቲ። ለሱሪ የኋላ ስፌት ወገቡ ጋ 3 ወይም 4። ለትልቅ ሰው ቀሚስ የታች እጥፋት 5፤ ለልጅ 8 ቢሆንም አይበዛም። አንገትና የብብት ዙሪያ ላይ ግን 1 ይበቃል። ክብ ቦታ ላይ ትርፍ ጨርቅ ሲበዛ ስፌቱ ይሳሳባል፣ ልብሱ አይተኛም። እንዲያውም እዚያች 1 ሳንቲ ላይ ራሱ በመቀስ ጫፍ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ካላደረጋችሁ አልገለበጥም ትላለች።

ጥቅሙ በደንብ የሚታየው ዩኒፎርም ላይ ነው። መስከረም ላይ ልክ የነበረው ቀሚስ ሰኔ ላይ ከጉልበት በላይ ይወጣል። 8 ሳንቲ እጥፋት ካለው ትፈቱታላችሁ፣ ታወርዱታላችሁ፣ ተተኩሶ እንደገና ይቀመቀማል። የድሮው እጥፋት መስመር አልጠፋ ካለ ነጭ ኮምጣጤ በውሃ አቅጥኑና መስመሩን አርጥባችሁ በካውያ ተጫኑት። ቀለም እንዳይለቅ መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ ሞክሩ። ጨርቁ በፀሐይ ነጥቶ መስመሩ ብቻ ጠቁሮ ከቀረ ግን ኮምጣጤም አይረዳውም። እሱ ላይ ጥብጣብ አዙሩበት።

ጨርቅ መተው ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ስፌቱ ራሱ መፈታት መቻል አለበት። ጀማሪ ሁሉ "እንዳይተረተርብኝ" ብሎ የስፌቱን እርምጃ፣ የአንዷን ስፌት ርዝመት ማለቴ ነው፣ 1.5 ላይ ያደርጋል፣ መልሶ መላልሶም ይመታዋል። እንዲህ የተሰፋ ነገር ሲፈታ ጨርቁን ይዞ ይቀደዳል። ለተለመደው ጥጥ 2.5 ሚሊ ሜትር በቂ ነው፤ ለሙከራ ከሆነ 4 አድርጉት። ስትፈቱ በምላጭ አትፍቱ፣ አቦ! ለጣታችሁም ለጨርቁም እዘኑ። መተርተሪያ ውድ አይደለም፣ ግዙ። በአንድ ወገን በየ3 ወይም በየ4 ስፌቱ ክሩን ቁረጡ፣ ከዚያ ገልብጡና የሌላውን ወገን ክር ሳቡት። ተያይዞ ይወጣል።

አሁን ወደ ጨርቅ። ሐረር ያለን ሰዎች ጨርቅ ለመግዛት ድሬዳዋ መውረድ እንወዳለን። ከተማዋ ራሷ ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1902 የቆረቆራት ናት፤ የባሕር ማዶ ጨርቅም በዚያው መንገድ ሲገባ ኖሯል። ምርጫው ዓይን ያዞራል። ሻጩም "ጥጥ ነው" ማለቱ አይቀርም። ከጨርቁ ዳር ሁለት ክር ለምኑትና ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ይነድና አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጫፉ ላይ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ሁለቱንም ካያችሁ ድብልቅ ነው። ድብልቅ መጥፎ አይደለም፣ ዋጋው የድብልቅ ይሁን እንጂ።

ለማን እንደምትሰፉ ደግሞ ጠይቁ። የት እንደሚኖርም ጭምር። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ገደማ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ስታበቁ አየሩ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። እዚህ ማታ ማታ ደስ የሚል ገበር ያለው ቀሚስ እዚያ ላብ በላብ ነው የሚያደርገው። ለድሬ ሰው ስሱ ጥጥ፣ ሰፋ ያለ ብብት፣ ገበር ደግሞ ግድ ካልሆነ ይቅር።

ጥጥ ጨርቅ ሳታጥቡ አትቁረጡ። ይህን በቁጣ ነው የምናገረው። ከመቶ 3 እስከ 5 ያህል የሚያጥር ጥጥ ብዙ አለ። ከ2 ሜትር ላይ ከ6 እስከ 10 ሳንቲ ሄደ ማለት ነው። የተውነውን እጥፋት አንድ እጥበት በላው ማለት ነው። ልብሱ ወደፊት እንደሚታጠበው አድርጋችሁ እጠቡት፣ አስጡት፣ ተኩሱት፣ ከዚያ ያልተቆረጠውን የጨርቁን ዳር ተከትላችሁ ዘርጉት። የልብሱ ቁመት ከጨርቁ ዳር ጋር እኩል መሄድ አለበት። ጨርቅ ለመቆጠብ ተብሎ ሰያፍ የተቆረጠ ሱሪ ከጥቂት እጥበት በኋላ እግሩ ላይ ይጠማዘዛል። ያንን ደግሞ ምንም ትርፍ ጨርቅ አያድነውም።

ልክ ስትወስዱ ሰውየው ሆዱን እንዳይስብ ንገሩት። ለማይለጠጥ ጨርቅ ደረት ላይ ከልኩ በላይ ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ጨምሩ፤ ሰው ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ልጅ ያቅፋል። እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ብዙ እናቶች ሜትር ሰውነታቸው ላይ ሲዞር አይወዱም። አታስጨንቋቸው። "የሚመችዎትን ቀሚስ ይዘው ይምጡ" በሏቸው። ቀሚሱን ለሁለት አጥፋችሁ ወረቀት ላይ አስተኙት፣ ዙሪያውን አስምሩ፣ የስፌቱን ትርፍ ጨምሩ። ቤት ውስጥ የምትሰፋ ሴት ይህን ያህል ደንበኛ የምታገኝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ውድ ጨርቅ ከሆነ ደግሞ አስቀድማችሁ በአቡጀዲ ስፉትና አስለኩ። አቡጀዲው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጋችሁ፣ ፈትታችሁ፣ እሱኑ ልክ አድርጋችሁ ትቆርጡበታላችሁ። ሐር መሳይ ነገር ላይ ጠመኔ ከመጎተት ባለቀ የሳሙና ቁራጭ አስምሩ፤ ጠርዙ ስለት ይሆናል፣ ሲታጠብም ይለቃል።

መኪናውን በተመለከተ አጭር ነኝ። ቤት ውስጥ ጥቁሩ ባለ እግር ሲንጀር ካለ እሱን አስጠግናችሁ ጀምሩ። መብራት ሲጠፋም ይሠራል። አሜሪካ ውስጥ ሲንጀር መኪናውን ያስመዘገበው በ1851 ነው፤ መሠረቱ ዛሬም ያው ነው። የላይ ክርና የታች ክር ጨርቁ መሀል ላይ ይቆላለፋሉ። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን ብልሽት ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ከጨርቁ ሥር ክር ተዝረክርኮ ከታየ ሁሉም ሰው ቦቢኑን፣ የታች ክር የሚጠቀለልበትን፣ ይፈታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። የላይኛው ክር ማጥበቂያው ውስጥ አልገባም፣ ወይም ላልቷል። ጨርቁን የሚጫነውን እግር አንስታችሁ ክሩን እንደገና አሳልፉት። መርፌ ላይ አትሰስቱ፤ 8 ሰዓት ያህል ከሰፋች በቃት። 90 ቁጥር ማለት ውፍረቷ 0.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለስስ ጨርቅ 70፣ ለጂንስ 100 ውሰዱ።

ካውያው ግን ከመኪናው እኩል ነው። አንድ ስፌት በሰፋችሁ ቁጥር ከፍታችሁ ተኩሱት፣ ከዚያ ነው ሌላ ስፌት የሚያልፍበት። መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ እተኩሳለሁ የሚል ሰው ልብስ ከሩቅ ያስታውቃል።

ብዙዎቻችሁ የምትጓጉት ደግሞ ለመድረክ ልብስ ነው። የትምህርት ቤት ድራማ፣ የባህል ጭፈራ፣ የወላጆች ቀን። ጥሩ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ለመድረክ የሚሰፋ ልብስ ግን ባለቤት የለውም። ዘንድሮ ቀጭኗ ለብሳው ዓመት ለወፍራሟ ይሰጣል። እዚህ ጋ ነው የነገርኳችሁ ሁሉ እጥፍ የሚሆነው። ጎኑን 4 ሳንቲ ተዉ። ወገቡን በገመድ ወይም በላስቲክ አድርጉ፣ ላስቲኩ የሚገባበትን አፍ ሳትደፍኑ ተዉት። ጀርባውን በዚፕ ፈንታ በሚታሰር ነገር አድርጉት፤ ዚፕ አንድ ልክ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ ደግሞ ልብስ ለመቀየር ሲጣደፉ ነው የሚበጠሰው። እስክስታም ሆነ ሌላ ጭፈራ መጀመሪያ የሚቀደው ብብትን ነው። እዚያ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ በሰያፍ አስገቡበት፣ እጅ ሲነሳ ልብሱ አብሮ አይነሳም። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ስስ ጥልፍ አይታየውም፤ ቀለምና ስፋት ነው የሚታየው። ድካማችሁን እዚያ ላይ አውሉት። በሙጫ አትለጥፉ። ሙጫ አይፈታም።

አንድ ነገር አደራ። የሌላውን ሕዝብ ልብስ ፎቶ አይታችሁ ብቻ አትስፉ። የሐረሪ ሴቶች ቀሚስ አጥላስ፣ ከሥሩ የሚለበሰው ሱሪ፣ ፀጉር ላይ የሚታሰረው ጉፍታ፣ እያንዳንዱ የሚለበስበት ወግ አለው። የሶማሌ ሴቶች ቀሚስ ዲራም፣ የኦሮሞውም እንዲሁ። ጎረቤታችሁ ናቸው እኮ! ቡና ይዛችሁ ሂዱ፣ ጠይቁ። እናቶች ልብሳቸውን ሲያሳዩ ደስ ይላቸዋል፤ ውስጡን ገልብጣችሁ እንድታዩም ይፈቅዱላችኋል። አሮጌ ልብስ አምጥተው ከሰጧችሁ ግን ለመድረክ ብላችሁ እንዳትቆርጡት። ልኩን ወስዳችሁ መልሱ።

ሙያው ገንዘብም ያመጣል። ለቅርብ ዘመድም ቢሆን የክርና የዚፕ ዋጋ ተቀበሉ፣ ካልሆነ ዘመድ ይበዛል። ልክ የወሰዳችሁትን ሁሉ ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ሰው ይለወጣል፣ የልጅ ልክ ደግሞ በወራት ውስጥ ይለወጣል።

ሐረር የምትኖሩ ከሆነ የሥራው ወቅት መቼ እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ኢድ አለ፣ በሳምንቱ ደግሞ የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ ይከተላል። ዩኔስኮ በ2023 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በማይዳሰስ ቅርስነት ከመዘገበው ወዲህ እንግዳው ጨምሯል፣ የሚሰፋውም አብሮ። ረመዳን ከተጋመሰ በኋላ አዲስ ጨርቅ አትቀበሉ። ለሁሉም ቃል ገብቶ ለማንም አለማድረስ ስም ያጠፋል። አምና የተሰፋ ቀሚስ ይዛ "ጠበበኝ" ብላ የመጣችውን ግን አትመልሷት። ግቢ በሏት፣ ቀሚሱን ገልብጡና ስፌቱን ዳብሱ። ካለው ያን ዕለት ማታውኑ ያልቃል።