በዚህ ሰመር ሜዲትራኒያን፦ ስለ መንገድና መጓጓዣ የጠየቃችሁኝ

ሰመር ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። አብዛኞቹ አምስት ስድስት አገር በአንድ እረፍት ለማዳረስ የታሰቡ ናቸው። እኔ ግን ከባሕሩ አንዱን ወገን ምረጡና እሱን በደንብ እዩ ባይ ነኝ። ምክንያቱን ከመልሶቹ ታገኙታላችሁ።

ሐምሌ ላይ ሦስት ሳምንት እረፍት አለን። ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና እናቴ አብረውኝ ናቸው፤ ሁላችንም የአሜሪካ ፓስፖርት አለን። ባርሴሎና፣ ኒስ፣ ሮም፣ ዱብሮቭኒክ፣ አቴንስና ኢስታንቡልን በምን ቅደም ተከተል እናድርጋቸው? (ከቨርጂኒያ)

በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ስድስቱ ይበዛሉ። በእያንዳንዱ ከተማ መካከል አንድ ቀን በሻንጣና በጣቢያ ያልቃል። እናትዎን ደግሞ ያስቡ፤ ስድስት ጊዜ ሆቴል መቀየር ለወጣትም አይቀልም።

ካርታ ላይ ሲታይ ባሕሩ ትንሽ ነው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር የተገናኘ ይመስላል። ግን አይደለም። ምዕራቡ የባቡር አገር ነው። ምሥራቁ የመርከብና የአውቶቡስ አገር ነው፤ ዱብሮቭኒክ ለምሳሌ ጭራሽ ባቡር የላትም። ለእናንተ ምዕራቡን እመርጣለሁ፤ በባርሴሎና ገብታችሁ በሮም ውጡ። የአውሮፕላን ትኬት ስትገዙ ደርሶ መልስ የሚለውን ትታችሁ "መልቲ ሲቲ" የሚለውን ምረጡ። ወደ ባርሴሎና ተመልሶ የመምጣት ጣጣ ይቀራል።

ከባርሴሎና ኒስ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ባቡር መቀየር አለ፤ ቀኑንም ይፈጃል። ስለዚህ ማርሴይ ላይ አንድ ሁለት ሌሊት እደሩ። ከኒስ ስትነሱ ድንበር ላይ ያለችው ቬንቲሚሊያ ጣቢያ ወርዳችሁ የጣሊያኑን ባቡር ትይዛላችሁ፤ ከዚያ በጄኖቫ አድርጋችሁ ወደ ሮም ነው። እስከ ቬንቲሚሊያ ድረስ በቀኝ በኩል ተቀመጡ። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው።

ኒስ ይቅር ካላችሁ ከባርሴሎና ቺቪታቬኪያ የሚሄድ መርከብ አለ፤ 20 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ካቢን ይዛችሁ ተኝታችሁ ትደርሳላችሁ። "የሮም ወደብ" እየተባለ ነው የሚሸጠው፤ ሮም ግን ከዚያ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የባቡሩን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ።

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ጣሊያን፣ ከዚያ ቱርክ፣ ከዚያ ግሪክ ሄጄ ከሮም መመለስ አስቤያለሁ። አንድ የሸንገን ቪዛ ይበቃኛል?

በዚህ አካሄድ አይበቃም። ሸንገን ማለት በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ የቀረላቸው የአውሮፓ አገሮች ናቸው፤ ጣሊያንና ግሪክ እዚያ ውስጥ አንድ ቤት ናቸው፤ ከጣሊያኗ ባሪ ወደ ግሪኳ ፓትራስ በመርከብ ብትሻገር እንደ አዲስ መግቢያ አይቆጠርብህም። ቱርክ ግን ከሸንገን ውጭ ናት። ኢስታንቡል በገባህ ሰዓት ሲንግል ኢንትሪ (አንዴ ብቻ የሚያስገባ) ቪዛህ አበቃለት። መልቲፕል ኢንትሪ (ደጋግሞ የሚያስገባ) ልጠይቅ ትል ይሆናል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በ2024 ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች መልቲፕል ኢንትሪ እንዳይሰጥ ወስኗል። በዚያው ውሳኔ የማመልከቻው መደበኛ መልስ መስጫ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ወጥቷል። ስለዚህ መንገድህን የሚወስነው ከካርታው በፊት ቪዛው ነው።

መፍትሔው ቱርክን መጨረሻ ላይ ማድረግ ነው። ሮም ግባ፣ በባቡር ባሪ ውረድ፤ በፈጣኑ አራት ሰዓት ገደማ ነው። በመርከብ ወደ ግሪክ ተሻገር። ከአቴንስ ወደ ግሪክ ደሴቶቹ ኮስ ወይም ሮድስ ሂድ። ከኮስ ወደ ቱርኳ ቦድሩም፣ ከሮድስ ወደ ቱርኳ ማርማሪስ በሰመር አጫጭር የጀልባ ጉዞዎች አሉ። ከሸንገን የምትወጣው አንዴ ብቻ ይሆናል፤ ወደ አዲስ አበባም ከኢስታንቡል ትበራለህ። የቱርክ ቪዛ ለብቻው ነው፤ ሳትይዘው እዚያ ወደብ ላይ እንዳትገኝ።

የምታመለክተው ብዙ ሌሊት ለምታድርበት አገር ኤምባሲ ነው። የጣሊያንና የግሪክ ቀን እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለምትገባበት፣ ማለትም ለጣሊያን ታመለክታለህ። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይቀበላሉ። 45 ቀኑን አስብና ለሐምሌ ጉዞ ቢያንስ በመጋቢት ጀምር። ቪዛው እስኪወጣ ደግሞ ገንዘቡ የማይመለስ ትኬት አትግዛ፤ ርካሽ ነው ብሎ የሚያባብል ቢመጣም።

ከባሪ ወደ ፓትራስ በሚሄደው መርከብ ካቢን ካልያዝን ይከብዳል? ተማሪዎች ነን። (ከቦሎኛ)

አይከብድም። 16 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ከአመሻሽ ተነስቶ በማግስቱ ከሰዓት በፊት ወይም እኩለ ቀን ላይ ይደርሳል። ርካሹ ትኬት "ደክ" የሚባለው ነው። ወንበርም አልጋም የላችሁም፤ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቶ የሚተኛው ብዙ ነው። ውስጥ ኤር ኮንዲሽነሩ ያንቀጠቅጣል፤ ሹራብና የእንቅልፍ ከረጢት ያዙ። ምግብ ከባሪ ገዝታችሁ ግቡ፤ መርከቡ ላይ ዋጋው ይነክሳል። ቀድማችሁ ገብታችሁ ጥግ ያዙ። ሦስትና አራት ከሆናችሁ ግን የካቢኑን ዋጋ ለአራት አካፍላችሁ ተመልከቱ፤ አንዳንዴ ልዩነቱ ከአንድ እራት አይበልጥም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ብዙዎቹ መርከቦች መንገድ ላይ ኢጉሜኒጻ በምትባል የግሪክ ወደብ ይቆማሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጎህ ሳይቀድ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት አካባቢ። ድምፅ ማጉያው ሲጮኽ ደንግጣችሁ እንዳትወርዱ፤ ከዚያ አቴንስ ሩቅ ነው። ግሪክ ደግሞ ከጣሊያን አንድ ሰዓት ትቀድማለች። የመድረሻው ሰዓት የተጻፈው በግሪክ ሰዓት ነው፤ ከፓትራስ ወደ አቴንስ የምትይዙትን አውቶቡስ ስትመርጡ ይህን አስቡ።

የባቡር ፓስ (አንዴ ተከፍሎበት ብዙ ባቡር የሚያሳፍረው ትኬት) ያዋጣል?

በአብዛኛው አያዋጣም። ፈረንሳይና ስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ ፓስ ቢኖራችሁም መቀመጫ ለብቻ ትከፍላላችሁ፤ ለፓስ የሚለቀቀው ቦታም ያልቃል። የጣሊያን ክልላዊ ባቡር ደግሞ ዋጋው ቁርጥ ነው፤ ዛሬ ብትገዙት ነገም ያው ነው። ፓሱ የሚጠቅመው በየቀኑ ሐሳቡን ለሚቀይር ሰው ነው።

ከሚላኖ መኪና ተከራይቼ ክሮኤሺያ፣ ስፕሊት ላይ መተው እችላለሁ? ነዋሪነቴ ጀርመን፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። (ከፍራንክፈርት)

ቢቻልም ኪስ ያቃጥላል። መኪና በሌላ አገር ሲመለስ የሚጠየቀው ክፍያ አንዳንዴ ከኪራዩ ይበልጣል፤ ድንበር ለመሻገርም ሆነ መርከብ ላይ ለመጫን የድርጅቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ጣሊያን ከተማ ውስጥ መኪና ይዞ መግባት ራሱ ፈተና ነው። መሐል ከተማዎቹ "ዜድ ቲ ኤል" በሚባል ክልከላ ተዘግተዋል፤ ምልክቱ ነጭ ክብ ሆኖ ዙሪያው ቀይ ነው። የሚጠብቀው ካሜራ ነው። ቅጣቱ ወራት ቆይቶ ቤትህ ይመጣል፤ አከራዩም ስምህን ለመንግሥት ስለሰጠ የራሱን ክፍያ ከካርድህ ይቆርጣል።

እኔ ብሆን የጣሊያን ወደብ እስከሆነችው አንኮና ድረስ በባቡር እሄዳለሁ። ከዚያ የሌሊቱን መርከብ ይዤ ስፕሊት እደርስና መኪናውን ክሮኤሺያ ውስጥ እከራያለሁ። ክሮኤሺያ በጃንዋሪ 2023 ሸንገንም ዩሮም ገብታለች፤ የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድህ ይበቃሃል። ድሮ ወደ ዱብሮቭኒክ ሲነዳ በቦስኒያዋ ኔዩም በኩል ማለፍ ግድ ነበር። በ2022 የፔልዬሻች ድልድይ ተከፍቶ ይሄ ቀርቷል። የድሮ ናቪጌሽን የሚጠቀም ሰው ግን አሁንም ኔዩም ሊወስደው ይችላል፤ ድልድዩን እንዲመርጥልህ አድርግ።

ነሐሴ ላይ ነው የግሪክ ደሴቶችን የምናየው። የጀልባ ትኬት እዚያው ብንገዛስ? ነፋስ ይከለክላል የሚባለውስ እውነት ነው?

ነሐሴ 9፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ በጣሊያንም በግሪክም ትልቅ በዓል ነው። ጣሊያን ፌራጎስቶ ይሉታል፤ ለግሪኮች ደግሞ የእመቤታችን በዓል ነው፣ ወደ ቲኖስ ደሴት ሕዝብ ይጎርፋል። የዚያን ሳምንት ትኬት ከሩቁ ያዙ። ፍልሰታ ለምትጾሙ፣ የግሪክ ጾም በዚያ ቀን ያበቃል፣ የእኛ ግን ሳምንት ይቀረዋል። ምግብ ቤት ገብታችሁ "ኒስቲሲሞ" በሉ፤ የጾም ማለት ነው፤ ይገባቸዋል።

ነፋሱ እውነት ነው። መልተሚ ይባላል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከሰሜን ይነሳል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ፀሐይ እየወጣ መርከብ ይታገዳል። ካታማራን የሚባሉት ፈጣን ጀልባዎች ቀድመው ይቆማሉ፤ ትልልቆቹ መርከቦች ይቆያሉ። ጉዞው ከተሰረዘ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ገንዘባችሁን ወይም ሌላ ጉዞ የመምረጥ መብት አላችሁ። የሆቴሉን ወጪ ግን፣ ምክንያቱ የአየር ሁኔታ ከሆነ፣ ድርጅቱ አይሸፍንም። ለዚህ ነው የመጨረሻውን ሌሊት ደሴት ላይ አታድርጉት የምለው። አውሮፕላናችሁ ከመነሳቱ አንድ ቀን በፊት አቴንስ ሁኑ።

ከስፔን ወደ ሞሮኮ ተሻግረን በአልጄሪያና በቱኒዚያ አድርገን በጣሊያን ብንመለስ ይሆናል?

በየብስ አይሆንም። የሞሮኮና የአልጄሪያ ድንበር ከ1994 ጀምሮ ዝግ ነው። ሞሮኮን ብቻ ካያችሁ ይበቃል። ከታሪፋ ታንጂር አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ መርከቡም ከተማው መሐል ያወርዳችኋል። ነፋስ ከበረታ ከአልጄሲራስ የሚነሳው ይሻላል፤ እሱ ግን ታንጂር ሜድ በሚባለው ሌላ ወደብ ነው የሚያራግፈው። ከተማው ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የታክሲ ዋጋ ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ።