ጆንያው ሞልቶ ኩንታል አልደርስ ያለ ስንዴ

ከጅሩ ለጠየቅከው ወንድማችን። ስንዴህ ጆንያውን እስከ አፉ ሞልቶ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኩንታል አልደርስ አለህ፤ ነጋዴው ደግሞ «ሄክቶው ዝቅ ብሏል» ብሎ ዋጋ ቆረጠብህ። የበላኝ ሚዛኑ ነው ወይስ ስንዴው? ያለ ማሽን እቤቴ መለካት እችላለሁ? ነው ያልከው።

ትችላለህ። ደነባ ላይ ለማኅበራችን እህል ስረከብ ዓመታት ሆኖኛል፤ ብዙውን ጊዜ የሠራነው በጣሳ ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑን እንገላገለው። ያልተፈታ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ አውጣበት። 50 ወይም ከከረጢቱ ጋር ትንሽ አለፍ ካለ ሚዛኑ ሰላም ነው፤ ጣጣው ከስንዴው ነው።

ሄክቶ የሚሉት 100 ሊትር የሚይዝ ዕቃ በእህል ሲሞላ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን ነው። ሄክቶው 78 የሆነ ስንዴ አንድ ኩንታል ለመሙላት 128 ሊትር ቦታ ይበቃዋል። 70 የሆነው ግን 143 ሊትር ይፈልጋል። ያው ጆንያ ጢም ብሎም ኩንታል የማይደርሰው ለዚህ ነው። ሰንጋ በዓይኑ ገምቶ የማይስት የጅሩ ሰው እንኳ ይህችን በዓይን አያገኛትም።

አሁን ወደ ጣሳው። ትልቅ የወተት ዱቄት ጣሳ ፈልግ፤ ከአንድ ሊትር ባያንስ ጥሩ ነው፣ ትንሽ ዕቃ ያሳስታል። ግራም የሚያሳይ የወጥ ቤት ሚዛንም ያስፈልግሃል። ባዶውን ጣሳ መዝነህ ሚዛኑን ዜሮ አድርግ። ውሃ እስከ አፉ ሞልተህ መዝንና ቁጥሩን ጣሳው ላይ በማርከር ጻፈው። ከዚያ ጣሳውን አድርቀህ በስንዴ ሞልተህ መዝን። የስንዴውን ክብደት ለውሃው አካፍለህ በ100 ስታባዛ ሄክቶው ይወጣል። ውሃው 1,750 ግራም፣ ስንዴው 1,330 ግራም ቢሆን 76 ማለት ነው። ጣሳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ማወቅ እንኳ አይጠበቅብህም።

ነገሩ የሚበላሸው አሞላሉ ላይ ነው። ገበያ ላይ ቁና ሰፋሪ እንደሚያደርገው ነቅነቅ፣ ጫን ጫን አይደረግም። ጣሳውን አንዴ ካንኳኳኸው ፍሬው ይጠቀጠቅና ቁጥሩ ይዋሽሃል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፤ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቂጡን ቆርጬ እንደ ማንቆርቆሪያ እገለብጠዋለሁ። አፉን በጣቴ ደፍኜ ስንዴውን እሞላለሁ። ከጣሳው አፍ ሦስት ጣት ያህል ከፍ አድርጌ፣ መሃል ላይ እለቀዋለሁ። አልበቃ ካለ ሳላንቀሳቅሰው እደግመዋለሁ። ተትረፍርፎ ሲፈስ ቀጥ ባለ ማስመሪያ አፉን ወዲያና ወዲህ እያልኩ እጠርገዋለሁ፤ በእጅ መዳፍ ግን አይሆንም። ሦስት ጊዜ ደጋግመህ አማካዩን ውሰድ። ሦስቱ በጣም ከተራራቁ እጅህ ገና አልተስተካከለም ማለት ነው።

ከመለካትህ በፊት ስንዴው ይበጠር። እብቅና ገለባ ቦታ ይይዛል እንጂ አይመዝንም፤ በደንብ ሳይነፍስ የመጣ እህል ያለ ጥፋቱ ይኮነናል። እርጥበትም እንዲሁ ያወርደዋል። ደረቅ ጨው ከስንዴው ጋር በብርጭቆ ጠርሙስ ከተህ ነቅንቀው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ አስጥተህ መልሰህ ለካ።

ስንት ሲሆን ጥሩ ነው? በአሜሪካ ደረጃ አብዛኛው ስንዴ አንደኛ የሚባለው ከ77 ግድም ጀምሮ ነው፤ ሁለተኛው ወደ 75 ይጠጋል። ዱቄት ፋብሪካ የሚጨነቀው ወዶ አይደለም፤ የኮሰመነ ፍሬ ከዱቄት ይልቅ ፉርሽካ ይበዛዋል። ገብስን በዚህ ቁጥር እንዳትመዝነው፣ ቅርፊት ስላለው በተፈጥሮው ዝቅ ይላል።

ያንተ ለምን ወረደ ካልክ፣ ወይ ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ፍሬው ሳይሞላ አግኝቶታል፣ ወይ ውርጭ መቶታል፣ ወይ ስንዴው ከደረሰ በኋላ የኅዳር ዝናብ አበስብሶታል። የመጨረሻው ብዙ ሰው አያምነኝም። አንዴ ርሶ ያበጠ ፍሬ ቢደርቅም ወደ ቀድሞው አይመለስም፣ ቆዳው ሸካራ ሆኖ ይቀራል። ዋልካ መሬት ላይ ደግሞ ውሃ የተኛበት ቦታ ያለው ፍሬ ቀጫጫ ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የታችኛውንና የላይኛውን ማሳ አውድማ ላይ አትደባልቅ። ለየብቻ ለካ፣ ለየብቻ ጆንያ ውስጥ ክተት። 72 እና 79 አንድ ላይ ከገቡ ነጋዴው በደካማው ዋጋ ነው የሚወስድልህ። የኮሰመነውን ለቤት አስቀረው፤ ለቂጣና ለንፍሮ ማን ሄክቶ ይጠይቃል!

ነጋዴው ፊት ስትቀርብ የሱ ቁጥር ካንተ በአንድ ኪሎ ቢለይ አትጨቃጨቅ፤ ጣሳና ማሽን እኩል አይወጡም። ሦስት አራት ኪሎ ከራቀ ግን ናሙናውን ከየት እንዳወጣ ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ከአንዱ ጆንያ አፍ ነው የሚዘግኑት። ከየጆንያው መሃልና ሥር ወጥቶ፣ ተደባልቆ፣ አንተ ቆመህ እያየህ ይለካ። እምቢ ካለ ጭነቱን አታውርድለት።

ለክተህ ስትጨርስ የሁለቱን ማሳ ቁጥርና የዘራኸውን ዝርያ እዚሁ ጻፍልን።