ከሼክስፒር ቃል ይገኛል ወይ ላልሽው

እህታችን፣ «ለአይኤልትስ (ለእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና) እየተዘጋጀሁ ነው፤ የሼክስፒርን ተውኔቶች ባነብ ከፍ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላት እይዛለሁ ወይስ ጊዜዬን ነው የማባክነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ሐዋሳ ሆኜ በዚሁ መንገድ ስላለፍኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ትይዣለሽ። ግን ከሼክስፒር አትጀምሪ።

እኔ የጀመርኩት በቃላት ዝርዝር ነበር። በቀን 30 ቃል ከነትርጉሙ እሸመድዳለሁ። ጠዋት ያጠናሁት ማታ የለም። የቀረልኝም ቢሆን የት እንደሚገባ አላውቅም ነበር። ዝርዝር፣ ቃሉን ማን ለማን በምን ስሜት እንደሚለው አይነግርሽም። ተውኔት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሰው ከሰው ጋር ሲነጋገር ነው። ሲያባብል፣ ሲሳደብ፣ ሲዋሽ ትሰሚዋለሽ። ቃሉ ከነተናጋሪው ጭንቅላትሽ ውስጥ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የጨረስኩት የኦስካር ዋይልድን «ዘ ኢምፖርታንስ ኦፍ ቢይንግ ኧርነስት» ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 ለንደን ውስጥ ለመድረክ የበቃ ኮሜዲ ነው። «ኧርነስት» የወንድ ስም ነው። በአንድ ፊደል ልዩነት ሲጻፍ ደግሞ «ከልቡ የሆነ፣ ቁም ነገረኛ» ማለት ነው፤ ሲነገር ግን አይለያዩም። ሁለቱ ሴቶች ኧርነስት የሚባል ወንድ ካልሆነ አናገባም ይላሉ፤ ሁለቱ ወንዶች በዚህ ስም ይዋሻሉ። በሰምና ወርቅ ላደግን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉን ሳልሸመድደው ያዝኩት፤ እስከ ዛሬም አልጠፋኝም። የዋይልድ እንግሊዝኛ ዛሬም ከሚነገረው ብዙ አይርቅም። ፕሮጀክት ጉተንበርግ የሚባል ድረ ገጽ ላይ በነፃ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ በኋላ ወደ ሼክስፒር ሂጂ። በቅድሚያ ግን ታሪኩን በአማርኛ ያዢው። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ሐምሌት»ን፣ «ኦቴሎ»ን እና «ማክቤዝ»ን ተርጉሞልናል። ታሪኩ ከገባሽ እንግሊዝኛው ላይ የምትታገዪው ከቃሉ ጋር ብቻ ነው።

ደግሞ እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ትልቅ ስንቅ አለን። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝኛ እንደ እኛ «አንተ» እና «እርስዎ» ነበረው፤ «ዛው» እና «ዩ»። «ሐምሌት» ሦስተኛ ገቢር፣ አራተኛ ትዕይንት ላይ እናቱ ሐምሌትን አባትህን በጣም አስቀየምከው ስትለው «ዛው» ትለዋለች፤ አንተ። እሱ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ይመልስላታል፣ ግን «ዩ» ብሎ፤ እርስዎ። አባት የሚሉትም የተለያየ ሰው ነው፤ እሷ የእንጀራ አባቱን፣ እሱ የሞተውን አባቱን። ይህን ቅዝቃዜ የዛሬ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ማስታወሻ አንብቦ ነው የሚረዳው። አንቺ ግን ሰውነትሽ ላይ ይሰማሻል።

ሼክስፒር ከባዱን ቃል ራሱ የሚፈታበት ጊዜም አለ። ማክቤዝ ንጉሡን ገድሎ እጁን ሲያይ፣ ይህ እጄ ባሕሩን ሁሉ «ኢንካርናዳይን» ያደርገዋል ይላል። ቀጥሎ በተራ ቃል፣ አረንጓዴውን ቀይ ያደርገዋል ብሎ ይደግመዋል። ለዚህ ቃል መዝገበ ቃላት ባትከፍቺም ይገባሻል።

አሁን አደጋው ላይ ልምጣ፤ እኔን ዋጋ አስከፍሎኛልና። ሼክስፒር ውስጥ «ፕሬዘንትሊ» ማለት «ወዲያውኑ» ነው። ያኔ ለአለቃዬ ሪፖርቱን «ፕሬዘንትሊ» እልካለሁ ብዬ ጻፍኩ። ዛሬ ቃሉ «ትንሽ ቆይቶ» ወይም «በአሁኑ ሰዓት» ማለት ሆኗል። አለቃዬ ሥራውን እንዳዘገየሁት ቆጥሮ ለሌላ ሰው ሰጠው። በጣም ከፍቶኝ ነበር። «ሌት» የሚለው ቃልማ ይብሳል። ዛሬ «ፍቀድ» ነው፤ ሐምሌት የአባቱን መንፈስ እንዳይከተል ሲይዙት የሚናገረው «ሌት» ግን «መከልከል» ነው። ጭራሽ ተገላቢጦሽ! «ሮሚዮና ጁልየት» ውስጥ ጁልየት የምትለው «ዌርፎር»ም «የት» ሳይሆን «ለምን» ነው።

ስለዚህ ከአንድ ትዕይንት አራት ወይም አምስት ቃል ብቻ ያዢ። ደብተርሽ ላይ ማን ለማን እንዳለው ጻፊ። ከዚያ ያንኑ ቃል በዚህ ሳምንት ዜና ውስጥ ፈልጊው። «አሳሲኔሽን» (የታዋቂ ሰው ግድያ) ማክቤዝ ውስጥ አለ፤ ዜና ላይም በየጊዜው ትሰሚዋለሽ፤ ውሰጂው። እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው «ትራመል» (በመረብ መያዝ) ግን ዛሬ እምብዛም አይሰማም፤ ለማንበብ ይሁንሽ እንጂ ፈተና ላይ አታውጪው። አይኤልትስ ላይ ከአራቱ የጽሑፍ መመዘኛዎች አንዱ የቃላት አጠቃቀም ነው። የሚታየውም ቃሉ ቦታው ላይ መግባቱ ነው፤ መክበዱ ብቻ አይጠቅምሽም።

ፈተናሽ ሁለት ወር ከቀረው ዋይልድ ይበቃሻል፤ ሼክስፒርን ከፈተናው በኋላ አንብቢው።

በተረፈ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ ከተቻለ ከሰው ጋር። እኛ ሦስት ሆነን ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ዋርካው ሥር ተቀምጠን ገፀ ባህሪ ተከፋፍለን እናነባለን። መንገደኛው ዞር ብሎ ያየናል፤ ለምደነዋል። አሁን ዋይልድን እንደገና ከመጀመሪያው ጀምረናል፤ ከሁለቱ ሴቶች የአንዷን፣ የግዌንዶለንን ቦታ የሚያነብልን ሰው የለንም። ሐዋሳ ከሆንሽ ነይ።