በባሕር ዋሻ ውስጥ መጥለቅ፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ማልታ፣ ጎዞ ደሴት ላይ ስኖር አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ ለጠላቂዎች የአየር ሲሊንደር እየሞላሁ ነበር የምሠራው። ከዚያ ኮርሱን ደረጃ በደረጃ ወሰድኩ። አሁን ሰው እየመራሁ እጠልቃለሁ። ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደሴት ላይ ድዌይራ የሚባል ቦታ ካለው ዋሻ ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል፤ እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ።

ከሁሉም በፊት ይህን ያዙልኝ። ክፍት ባሕር ላይ ችግር ሲመጣ ቀስ ብለህ ወደ ላይ ትወጣለህ። ዋሻ ውስጥ ግን በላይህ ድንጋይ ነው። መውጫው በገባህበት በኩል ብቻ ነው።

ቢኒ፦ ጋሽ ዳዊት፣ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ስንት ደቂቃ ያቆያል?

መልስ፦ ኦክስጅን አይደለም፣ አየር ነው። አሁን አንተ የምትተነፍሰው ተራ አየር ተጨምቆ የገባበት ነው። ከውስጡ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ገደማ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ይዘህ ከ6 ሜትር በታች ከወረድክ ይመርዝሃል፤ ውሃ ውስጥ እያለህ ያንዘፈዝፍሃል። ስለዚህ ቃሉን እናስተካክል።

ደቂቃው በጥልቀቱ ይለያያል። ሂሳቡን አብረን እንሥራው። የተረጋጋ ሰው ከውሃ በላይ ሆኖ በደቂቃ 20 ሊትር ያህል አየር ይተነፍሳል። ከውሃ በላይ ግፊቱ አንድ ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፤ በየ10 ሜትሩ በአንድ ባር ይጨምራል። 30 ሜትር ላይ ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 80 ሊትር ትጨርሳለህ። 12 ሊትር ሲሊንደር እስከ 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር ይይዛል። 2,400ን ለ80 አካፍል። 30 ደቂቃ።

ግን ዋሻ ውስጥ 30 ደቂቃ የለህም! አየሩ ለሦስት ይከፈላል። አንዱ ሲሶ ለመግቢያ፣ አንዱ ለመውጫ፣ አንዱ ለችግር። የችግሩ ሲሶ ያንተ ብቻ አይደለም፤ የጓደኛህ ሲሊንደር ቢበላሽ ሁለታችሁም የምትወጡት በእሱ ነው። ስለዚህ ለመግቢያ ያለህ 800 ሊትር ነው። በ30 ሜትር 10 ደቂቃ ማለት ነው። ጌጁ (የሲሊንደሩን ግፊት የሚያሳየው መለኪያ) ከ200 ተነስቶ 134 ሲደርስ መመለስ ግዴታ ነው። እኔ 140 ላይ እመለሳለሁ። ከቡድኑ አንድ ሰው ቀድሞ እዚያ ቁጥር ላይ ከደረሰ ሁሉም ይዞራል፤ ክርክር የለም።

ያሬድ፦ ሻርክ አያሰጋም?

መልስ፦ ዋሻ ውስጥ የሚያሰጋህ ሻርክ አይደለም። ቀጣይ።

ሄኖክ፦ እኔ ክፍት ባሕር ላይ 60 ጊዜ ጠልቄያለሁ። የድዌይራው ዋሻ 80 ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚህ ጫፍ ሆኜ የዚያኛው ጫፍ ብርሃን ይታየኛል። ለዚህ ገመድ መዘርጋት ማብዛት አይሆንም?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በደንብ ልመልሰው፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና።

ዋሻው ቀጥ ያለ መተላለፊያ ነው። ከውስጠኛው ባሕር (በአለት ከተከበበው ትንሽ የባሕር ውሃ) ተነስቶ ወደ ክፍቱ ባሕር ያወጣል፤ በመግቢያው ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፣ ወደ ባሕሩ ሲጠጋ ከ20 ሜትር በላይ ይወርዳል። እውነትህን ነው፣ በጥሩ ቀን ብርሃኑ ይታያል። ግን በጥሩ ቀን ነው። ወለሉ ላይ ደለል አለ። አንድ ሰው በፊኑ (እግር ላይ በሚጠለቀው መቅዘፊያ) አንዴ በስህተት ቢመታው ብርሃኑ ይጠፋል። በዚያ ላይ ከላይህ የጉብኝት ጀልባዎች ይመላለሳሉ። ደንግጠህ ወደ ላይ ብትወጣ የሚጠብቅህ የጀልባ ሞተር ነው።

የደረሰብኝን ልንገርህ። ከስድስት ዓመት በፊት ሌላ ዋሻ ውስጥ አራት ሆነን ገባን። ያን ቀን የመራን ሰው ገመድ አልዘረጋም፤ ስሙን አልጠራም። «አጭር ነው» አለ። እንዳንተ ማለት ነው። ከመሃላችን አንዱ ሚዛኑን ሳተና ወለሉን ረገጠ። ውሃው አጥሚት መሰለ። ባትሪዬን ማስኬ ላይ ለጥፌ ብርሃኑ አልታየኝም። ላይና ታቹን የማውቀው አረፋዬ በጆሮዬ በኩል ሲያልፍ ብቻ ነበር። ግድግዳውን በእጄ ዳበስኩ፣ ግን ግድግዳው በሁለቱም አቅጣጫ ግድግዳ ነው። የትኛው ወደ ውጭ እንደሚወስድ በምን ታውቃለህ? በዕድል ወጣን። ስወጣ ጌጄ 30 ባር ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለ ገመድ የዋሻ አፍ አላለፍኩም።

ገመዱ የሚታሰረው ደግሞ ውጭ ነው። ቀጥታ ወደ ላይ መውጣት በምትችልበት ቦታ አንዴ ታስራለህ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሁለተኛ ታስራለህ፣ ከዚያ ትገባለህ። አንድ እጅ ሁልጊዜ ገመዱን መንካት በሚችልበት ርቀት ትቆያለህ። ፊንህን ደግሞ እንቁራሪት እንደሚዋኘው ወደ ጎን ትገፋለህ እንጂ ወደ ታች አትመታም። 60 ጊዜ መጥለቅህ ደስ ይላል። ግን 60ውም ጊዜ በላይህ ሰማይ ነበር።

ትዕግሥት፦ ከሜዲትራኒያን ዋሻዎች ሁሉ የሚገርምዎት የትኛው ነው?

መልስ፦ ኮስኬር። በዚህ ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ልቆይ እችላለሁ።

ፈረንሳይ ውስጥ፣ ማርሴይ አጠገብ ነው። ሄንሪ ኮስኬር የሚባል ጠላቂ በ1985 መግቢያውን አገኘው። መግቢያው ከባሕር ወለል በታች 37 ሜትር ላይ ነው። ከዚያ ከ100 ሜትር በላይ የሚሄድ ጠባብ መተላለፊያ ወደ ላይ ይወጣል። መጨረሻው ላይ ውሃ ያልሞላው ትልቅ አዳራሽ አለ። ግድግዳው ላይ ፈረስ፣ ጎሽ፣ የሜዳ ፍየልና የባሕር ውሻ (ሲል የሚባለው እንስሳ) ተስሏል። ዛሬ ከምድር የጠፋው ታላቁ ኦክ የሚባል የባሕር ወፍም አለ። ከሁሉ በላይ ልቤን የሚነካኝ ግን የእጆቹ ምስል ነው። ሰው እጁን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ቀለም ነፍቶበታል። የቀደሙት፣ እጆቹ ማለት ነው፣ ወደ 27,000 ዓመት ገደማ፣ እንስሳቱ ደግሞ ወደ 19,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳላቸው ተገምቷል።

ሰዎቹ ግን አልጠለቁም። በእግራቸው ነው የገቡት። በዚያ የበረዶ ዘመን ብዙ ውሃ በበረዶነት ተይዞ ስለነበር ባሕሩ ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ነበር። የዋሻው አፍ ከባሕሩ ዳርቻ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ኮረብታ ላይ ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ባሕሩ መጣና በሩን ዘጋው።

ይህን ስትሰሚ ለመሄድ ካማረሽ ተይው። በመስከረም መጀመሪያ 1991 ሦስት ጠላቂዎች በዚያ መተላለፊያ ውስጥ ሞተዋል። ደለል ነው፣ እንደገና ደለል። ኮስኬር ያገኘውን ለመንግሥት ያሳወቀው በዚያው ሰሞን ነው። አሁን መግቢያው ተዘግቷል። በ2022 ማርሴይ ከተማ ውስጥ አምሳያው ተሠርቶ ለሕዝብ ተከፍቷል። እኔም ያየሁት እሱን ነው። እጆቹ ፊት ቆሜ ለረጅም ጊዜ መሄድ አቃተኝ።

ቢኒ፦ 1991 በእኛ ነው በፈረንጅ?

ያሬድ፦ በፈረንጅ ነው። በእኛ ነሐሴ 1983 ነው የሚውለው።

ሄኖክ፦ ደርግ በወደቀ በሦስት ወሩ በለኛ። እኛ ያኔ ስለ ዋሻ ልናስብ?

ያሬድ፦ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ግንቦት 20 ጠዋት ሰፈራችን ውስጥ የነበረው ዝምታ አሁንም ትዝ ይለኛል።

ትዕግሥት፦ እናንተ ልጆች ርእሱን አትውሰዱት። ዓመተ ምሕረት ሲጻፍ ግን «እ.ኤ.አ.» ቢጨመር ጥሩ ነው፣ ሁሌ ያምታታል።

መልስ፦ ከላይ የጻፍኩትም ከዚህ በኋላ የምጽፈውም ሁሉ በፈረንጅ ነው። እንቀጥል።

ሰላም (ሊማሶል)፦ እዚህ ቆጵሮስ አንድ ዋሻ መጨረሻው ላይ አየር ያለበት ክፍል አለው ተባልኩ። እዚያ ወጥቶ ሬጉሌተሩን (ከሲሊንደሩ የሚተነፈስበትን የአፍ ዕቃ) ከአፍ አውጥቶ ማውራት ይቻላል?

መልስ፦ አታውጪ። አየር ማለት የሚተነፈስ አየር ማለት አይደለም። ለብዙ ጊዜ የታፈነ ክፍል ውስጥ፣ ሰው እየመጣ ሲተነፍስበት፣ ኦክስጅኑ ያንስና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይከማቻል። ሳታውቂው ራስሽን ትስቻለሽ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጋዙ ከመሬት ነው የሚመጣው። ደቡብ ጣሊያን፣ ፓሊኑሮ፣ ድኝ ያለው ሙቅ ውሃ የሚፈልቅበት ዋሻ አለ። በዚያው በፓሊኑሮ በ2012 ሌላ ዋሻ ውስጥ አራት ጠላቂዎች ባንድ ቀን አልቀዋል። እነሱን የገደላቸው ጋዝ አይደለም፣ ደለል ተነስቶ መውጫው ስለጠፋባቸው ነው። አካባቢው በውበቱ የታወቀ ስለሆነ ሰው ይዘናጋል፤ ለዚህ ነው የማነሳው።

ረድኤት፦ ጋሼ፣ ማልታ ለዕረፍት መጥቼ ከጠለቅኩ በኋላ በስንት ሰዓት ወደ አዲስ አበባ መብረር እችላለሁ?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ። ሀበሻ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የተለመደው መመሪያ አንዴ ብቻ ከጠለቅሽ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመሽ ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅሽ ቢያንስ 18 ሰዓት ጠብቂ ይላል። ምክንያቱ ናይትሮጅን ነው። ከባሕር በታች ሰውነትሽ ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ አረፋ ይሆናል።

የእኛን ነገር ልዩ የሚያደርገው ግን ከፍታው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ተራራ ላይ እንዳለው ነው። ሌላው ሰው ሮም ወይም አቴንስ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ግፊት ይመለሳል። አንቺ ቦሌ ስታርፊ ግን 2,300 ሜትር ላይ ነሽ! ግፊቱ አይመለስልሽም። እንጦጦ ከወጣሽ ደግሞ ይብሳል። እኔ ወደ አገር ቤት ስሄድ ሁለት ሙሉ ቀን ሳልጠልቅ እቆያለሁ።

ቢኒ፦ ሶፍ ዑመር ውስጥስ በስኩባ መግባት ይቻላል?

መልስ፦ እሱ የወንዝ ዋሻ ነው። እኔ የማውቀው ባሕር ነው። አልመልስም።

ያሬድ፦ ዌብ ወንዝ እኮ ነው፣ ሲሞላ ማን ይገባበታል?

ቢኒ፦ በበጋ ማለቴ ነው። እኔ ባሌ ነው ያደግኩት፣ የተኛ ውሃ ያለበት ቦታ አይቻለሁ።

ያሬድ፦ ቦታው ለብዙ ሰው የሚከበር ነው። መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ነው።

ቢኒ፦ በዚህ እስማማለሁ።

ሄኖክ፦ ጋሼ፣ ገመዱን ገባኝ። ግን ሁለት ሰው ከሆንን፣ ሁለታችንም ልምድ ካለን፣ ዋሻውም አጭር ከሆነ...

መልስ፦ ሄኖክ፣ ከላይ መልሼዋለሁ። ጣሪያ ካለ ገመድ አለ። ሁለት ሰው ሲጠፋ ሁለት ሰው ነው የጠፋው። ሦስተኛ ጊዜ አልመልስም።

ዮናስ፦ ዋሻ ውስጥ ምን ይኖራል? ጨለማ ከሆነ ሕይወት አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ማርሴይ አጠገብ ላ ሲዮታ የሚባል ከተማ አለ። እዚያ ያለው አንድ ዋሻ ወለሉ ወደ ውስጥ እየወረደ ይሄዳል። በክረምት የቀዘቀዘው ውሃ ወደ ጥልቁ ገብቶ እዚያው ይቀራል፣ በበጋ የሞቀው ውሃ ቀሎ ከላይ ይሆንና አይቀላቀልም። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ጨለማና ቅዝቃዜ ነው፤ ልክ እንደ ጥልቅ ባሕር።

እዚያ ውስጥ ሥጋ በል ሰፍነግ ተገኘ። ሰፍነግ ታውቃለህ፣ በስቅለቱ ንባብ ሆምጣጤ የተነከረበት ነው። ሌሎቹ ሰፍነጎች ውሃ እያጠለሉ ነው የሚመገቡት። ይሄኛው ግን ቀጫጭን ክሮቹ ላይ መንጠቆ አለው። ትናንሽ የሽሪምፕ ዘመዶች ሲያልፉ ይያዙበታል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ሰውነቱ ይሸፍናቸውና ይበላቸዋል። በ1995 ሳይንቲስቶች ሲገልጹት ብዙ ሰው ተገረመ። ዘመዶቹ በሺህ ሜትሮች ጥልቀት ላይ ነው የሚኖሩት። እሱ ግን ሰው በሲሊንደር ሊደርስበት የሚችል ቦታ ላይ ተገኘ። ለእኔ ዋሻ የሚወደደው በዚህ ነው። የሺህ ሜትሩን ባሕር 20 ሜትር አካባቢ ያመጣልሃል።

ጣሪያው ላይ ደግሞ ቀይ ኮራልና ሌላ ብዙ ነገር ተንጠልጥሎ ይበቅላል። አትንኩ። ጣሪያው ሥር ቆማችሁም አትቆዩ፤ የምትተነፍሱት አረፋ እዚያ ይጠራቀምና ውሃ የለመዱትን አየር ላይ ይተዋቸዋል፣ ይሞታሉ። የሜዲትራኒያን የባሕር ውሻ ካያችሁ ወዲያው ውጡ። ግልገሎቿን የምትወልደው ዋሻ ውስጥ ነው፤ ከተረበሸች ጥላቸው ልትሄድ ትችላለች።

ሳሚ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልስ፦ የምን? የኮርስ? የዕቃ? የጉዞ? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም። የምትሄድበትን ጠይቅ።

ማሂ፦ እኔ ዋና እንኳን በደንብ አልችልም። ግን ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ዋሻ ማየት እፈልጋለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ማሂዬ፣ ከዋና ጀምሪ። የመጀመሪያው ኮርስ ብዙውን ጊዜ 200 ሜትር ዋኝተሽ፣ 10 ደቂቃ ሳትደገፊ ተንሳፍፈሽ እንድታሳዪ ይጠይቃል። ከዚያ ክፍት ባሕር ላይ ጥለቂ፣ ደጋግመሽ። ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍ ብለሽ ሳትወጪና ሳትወርጂ ጸንተሽ መቆየት እስክትችዪ ድረስ ስለ ዋሻ አታስቢ። ቀጥሎ የዋሻ አፍ ኮርስ አለ። እሱ የቀን ብርሃን ከሚታይበት አያሳልፍም። ከዚያ አልፈሽ ወደ ዋሻው ስትገቢ ሦስት ባትሪ ትይዣለሽ፤ አንድ ዋና፣ ሁለት መጠባበቂያ።

ገመዱን ግን ዛሬም መለማመድ ትችያለሽ። ውሃ አያስፈልግም። ግቢ ውስጥ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲባጎ ዘርጊ። ዓይንሽን በነጠላ ሸፍኚ። ሁለት ጣትሽን ሲባጎው ላይ ቀለበት አድርገሽ፣ ሳትጎትቺው፣ እስከ ጫፉ ሂጂና ተመለሺ። እኛም ኮርሱ ላይ መጀመሪያ ያሠሩን ይህን ነው፣ ባሕሩ ዳር ካለ የመኪና ማቆሚያ ላይ።