ክሮንስ ላለበት ልጅ ከመድኃኒት ውጭ ምን ልሞክር? ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነርስ ነኝ። የምሠራው እንደ ክሮንስ ያለ፣ አንጀትን በብግነት የሚያቆስል ዘላቂ ሕመም ካለባቸው ልጆች ጋር ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በምግብ ሕክምናው ላይ። ስለ እሱ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። ስለ ዕፅዋትና ስለ እንክብሎችም የማውቀውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ ልጁ የሚወስደውን መድኃኒት ሐኪሙን ሳታማክሩ አታቁሙ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ ነው የምለው።

የሳሚ እናት፦ ሲስተር እግዜር ይስጥልኝ። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ ክሮንስ ነው ከተባለ ገና ወር አልሞላውም። ሐኪሙ ብግነት የሚያበርደውን ስቴሮይድ ወይም ለሳምንታት ፈሳሽ ምግብ ብቻ አለን። ስቴሮይዱን ፈራሁት። ግን ፈሳሹ እውነት ሕክምና ነው ወይስ ማስታገሻ?

ሲስተር፦ እውነተኛ ሕክምና ነው። ይህን ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። ሰው «አማራጭ» ሲባል ዕፅዋትና ጠብታ ነው የሚያስበው፤ በጥናት የተፈተነው አማራጭ ግን እዚያው ሐኪሙ ዘንድ እያለ ብዙዎች ያልፉታል።

ልጁ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሌላ ምግብ ሳይበላ የተሟላ ፎርሙላ (ሰውነት የሚፈልገውን ምግብ ሁሉ የያዘ ፈሳሽ) ብቻ ይጠጣል። ውሃ ይፈቀዳል። በጥናቶች እንደታየው ከ10 ልጆች ከ6 እስከ 8 የሚሆኑት በዚህ ብቻ በሽታቸው ይበርዳል። ስቴሮይድም ሕመሙን በዚያው ልክ ያበርዳል፤ የአንጀቱን ቁስል በማዳን ግን ፎርሙላው ይበልጣል። ፊት አያሳብጥም፣ አጥንት አያሳሳም፣ ቁመት አይገታም፤ እንዲያውም ልጁ ክብደት ይጨምራል። የአውሮፓ የሕፃናት ሐኪሞች መመሪያም በዚህ ምክንያት ከስቴሮይድ ያስቀድመዋል። ውድ የሆነው፣ ፕሮቲኑ አስቀድሞ የተሰባበረው ዓይነት የግድ ነው የሚል ወሬ ደግሞ አለ። አይደለም። ተራው ዓይነትም እኩል ይሠራል፣ ጣዕሙም ይሻላል።

ግን ልብ በይ። ልጁ በጣም ከስቶ ከሆነ መጠኑ ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው፣ ያውም የደሙ ፎስፌት (አንዱ ማዕድን) እየታየ። ለረጅም ጊዜ ምግብ ያጣ ሰውነት ድንገት ብዙ ሲገባለት በደም ውስጥ ያሉት ማዕድናት ይዛቡና ልብ ላይ አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ። ስለዚህ በራስሽ ቤት ውስጥ አትጀምሪው። ፊንጢጣው አካባቢ ፊስቱላ (ከአንጀት ወደ ቆዳ የሚወጣ ያልተለመደ ቀዳዳ) ካለበት ደግሞ ፎርሙላ ብቻውን አይበቃውም። ሳምንታቱ ሲያልቁም በሽታው እንዳይመለስ ማቆያ ሕክምና ያስፈልጋል። ብዙ ወላጅ ልጁ ደህና ሲሆን «አበቃ» ይልና ከወራት በኋላ ከዜሮ ይጀምራል።

ጠያቂ፦ ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር ምን ትመክሪናለሽ?

ሲስተር፦ ለምኑ? ለተቅማጡ ነው፣ ለሕመሙ ነው፣ ለእድገቱ? ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ምን ምን መድኃኒት ይወስዳል? ይህን ጻፍና እመለስበታለሁ።

የሃና አባት፦ እህልና ስኳር የሚያስቀረው አመጋገብስ? ልጄ እህል፣ ስኳርና አብዛኛውን የወተት ውጤት አቁማ ከመድኃኒት ወጥታለች። ሆድ ቁርጠት የሚባል የለም። ሐኪሞች ይህን ለምን አይነግሩንም?

ቅን ሰው፦ መድኃኒት መሸጥ ስላለባቸው ነዋ! ማን በምግብ ዳነ ብሎ ይነግርሃል?

የሳሚ እናት፦ እንዲህ እንኳ አትበል ወንድሜ። ፎርሙላውን ያቀረበልን ሐኪሙ ራሱ ነው።

ቅን ሰው፦ ፎርሙላውንስ የሚሸጠው ማን ሆነና?

ማሚ፦ የእኔ ልጅ እህልና ስኳር አቁማ ክብደቷ ወረደ። ለሁሉም አይሆንም፣ እንዲህ እንደ ቀላል ነገር አታውሩት። ለምትበላው ለእያንዳንዱ ነገር ስታለቅስ ያየሁ እኔ ነኝ።

ሲስተር፦ ስለ ኩባንያ የምትከራከሩ በግል ተነጋገሩ፣ ወደ ልጆቹ እንመለስ።

የሃና አባት፣ አመጋገቡን አላጣጥለውም። መጀመሪያ የታሰበው ለሴሊያክ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ሕመምተኞች ነበር፣ በኋላ ወደ ክሮንስ መጣ። በ2021 በታተመ ጥናት 194 ክሮንስ ያለባቸው አዋቂዎች ላይ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ከሚበዛበት ከሜዲትራኒያን አመጋገብ ጋር ተወዳድሮ ነበር። ከ6 ሳምንት በኋላ በሁለቱም በኩል ከግማሽ ትንሽ ያነሱት ሕመማቸው ጸጥ አለ። ልዩነት አልታየም። ሜዲትራኒያኑ ደግሞ ለመከተል በጣም ይቀላል። ይህ ግን በአዋቂ ነው፣ ልጅ ያድጋል፤ አንድ ሙሉ የምግብ ዘር ስትቀንስበት ጉልበቱንና ካልሲየሙን ከየት እንደሚያገኝ መቁጠር አለብህ። ማሚ ያየችው ይህንኑ ነው።

ለልጆች የተሻለ ማስረጃ ያለው ሌላ ነው። ግማሹን ጉልበት ከፎርሙላ፣ ግማሹን ከተመረጠ ምግብ የሚያገኙበት ዘዴ አለ። ዶሮ፣ እንቁላል፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ፖም የመሳሰሉት ይፈቀዳሉ። ስንዴ፣ የወተት ውጤትና በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ይቀራሉ። ከ6 ሳምንት በኋላ ፎርሙላው ወደ ሩብ ይወርዳል። በ2019 በወጣ ጥናት ቀላልና መካከለኛ ክሮንስ ካለባቸው ልጆች ይህን ከ97 በመቶ በላይ የሚሆኑት ችለውታል፤ ፎርሙላ ብቻውን የቻሉት 74 በመቶ ገደማ ናቸው። ፎርሙላ ብቻ አልጠጣም ለሚል ልጅ መጀመሪያ የማነሳው እሱን ነው።

አሁን ዋናውን ልጠይቅህ። የልጅህ የሰገራ ካልፕሮቴክቲን፣ ማለትም የአንጀት ብግነትን የሚያሳየው ልኬት፣ ስንት ነው?

የሃና አባት፦ አልለካንም። ደህና ነች አልኩሽ እኮ።

ሲስተር፦ ደህና መሆኗን አታውቅም ማለት ነው። ክፉ አይደለሁም፣ ክሮንስ እንዲህ ስለሆነ ነው። ቁርጠቱ ይጠፋና ብግነቱ ከውስጥ ይቀጥላል። ከዚያ አንጀቱ ይጠባል፣ ፊስቱላ ይወጣል፣ ቀዶ ሕክምና ይመጣል። መለኪያው ቀላል ነው፣ የሰገራ ናሙና ብቻ። ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ከ250 በላይ ከሆነ ልጅቷ እየሳቀች ብትሮጥም በሽታው እየሠራ ነው ብለህ ተነሣ። በዚህ ሳምንት አስለካ። መድኃኒት ያቆመችውም ሐኪሟ ሳያውቅ ከሆነ አሁኑኑ ንገረው።

ቅን ሰው፦ ፕሮባዮቲክስ?

ሲስተር፦ በክሮንስ አልሠራም። በልጆችም ተሞክሮ በሽታው እንዳይመለስ አላደረገም። የዓሣ ዘይትም ያው። ቀጣይ።

ማሚ፦ እርድ በእንክብል ገዝቼ ነበር። የልጄ መድኃኒት የሰውነት መከላከያን የሚያበርደው አዛታዮፕሪን ነው። ብሰጣት ምን አለበት?

ሲስተር፦ ወጥ ውስጥ የሚገባው እርድ አያሳስበኝም። እንክብሉ ያሳስበኛል። ጥሩ ወሬ የሰማሽበት ጥናት አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ባለባቸው አዋቂዎች ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ትልቁን አንጀት የሚያቆስል ሌላ በሽታ ነው። በክሮንስ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከአዛታዮፕሪን ጋር ተሰጥቶ ከባዶ ማስመሰያ እንክብል አልተሻለም። በሌላ በኩል እርድ የተከማቸባቸው እንክብሎች፣ በተለይ ቁንዶ በርበሬ የተጨመረባቸው፣ ጉበት የጎዱበት ጊዜ ተመዝግቧል። አዛታዮፕሪንም ጉበት ላይ ክትትል የሚፈልግ መድኃኒት ነው። የጉበት ምርመራዋ ቢበላሽ ከየትኛው እንደመጣ ማን ይነግርሻል? አትስጪያት። ብትሰጪም ለሐኪሙ ተናገሪ፣ አትደብቂ።

ጠያቂ፦ ሲስተር መልሽልኝ እንጂ፣ ተፈጥሯዊ ምን ልስጠው?

ሲስተር፦ ዕድሜና መድኃኒት ጻፍ ብያለሁ። ያለዚያ የምሰጥህ መልስ ልጅህን ሊጎዳ ይችላል። «ተፈጥሯዊ» ስለተባለ ብቻ የሚያምነኝ ዕፅ የለም። እሬት ውስጥ ያለው ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው። ኤኪናሺያ የሚባለው ዕፅ የሰውነትን መከላከያ ለማነቃቃት ነው የሚሸጠው፤ ያንኑ መከላከያ ለማብረድ መድኃኒት ለሚወስድ ልጅ እንዴት እሰጣለሁ?

ሊያ፦ የካናቢስ ዘይት ለሕመም ይረዳል ይላሉ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው።

ሲስተር፦ አይሆንም። አዋቂዎች ላይ ስሜቱን አሻሽሏል፣ ብግነቱን አላወረደም። ያ ማለት ሕመሙን ይሸፍንብሻል። አንጎሏም ገና እያደገ ነው። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹን ደግሞ ራቁ፣ ክሮንስን ሊያስነሡ ይችላሉ።

ሊያ፦ አነስተኛ መጠን ናልትሬክሶን የሚባለው መድኃኒትስ?

ሲስተር፦ ከምትጠይቋቸው ውስጥ ሐሳቡ ደስ የሚለኝ አንዱ ነው። በልጆች ላይ ግን ያለው በ2013 የወጣ፣ 14 ልጆች ብቻ የነበሩበት ትንሽ ጥናት ነው። በዚህ ላይ ተመርኩዤ መድኃኒት ተክቼ አልሰጥም። ደግሞም እንደ ሞርፊን ያሉ የሕመም መድኃኒቶችን ሥራ ያግዳል፤ ድንገት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋት ሐኪሞቹ ማወቅ አለባቸው።

የሳሚ እናት፦ ኢንፍሊክሲማብ የሚባለው መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት ወደፊት ሊያስፈልገው ይችላል አሉን። ካንሰር ያመጣል ሲባል ሰማሁና እንቅልፍ አጣሁ።

ሲስተር፦ ፍርሃትሽ ይገባኛል። የተፈራው የሊምፋቲክ ካንሰር እጅግ ብርቅ ነው። ከነዚህ አንዱ፣ ጉበትና ጣፊያን የሚይዘው ክፉው ዓይነት፣ በብዛት የታየው አዛታዮፕሪንን ለብቻው ወይም ከነኢንፍሊክሲማብ ጋር በወሰዱ ወጣት ወንዶች ላይ ነው። ስለዚህ ሐኪሙን «ለወንድ ልጄ ሁለቱን አንድ ላይ ነው ወይስ ለብቻ?» ብለሽ ጠይቂ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሌላው ሚዛን ላይ ግን ያልታከመ ክሮንስን አስቀምጪ። ኢንፍሊክሲማብ ከተጀመረ በኋላ ደግሞ «ትንሽ ረፍት እንስጠው፣ ዕፅ እንሞክርና እንመለስ» የሚባል ነገር የለም። በ0፣ በ2፣ በ6 ሳምንት፣ ከዚያም በየ8 ሳምንቱ የሚሰጠው በምክንያት ነው። ሲቋረጥ ሰውነት ፀረ-አካል ይሠራበታል፤ ሲመለሱበት ላይሠራ ወይም አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። ስቴሮይድም በድንገት ከተቋረጠ አደገኛ ነው። እንግዲህ ደግሜ አልኩ፣ አታቁሙ።

ቅን ሰው፦ ዋናው መነሻው ክትባት ነው እኮ፣ ማንም አይናገርም።

ማሚ፦ አሁን ይሄ ምን አመጣው? እኛ የምንሰጠውን አጥተን ተጨንቀናል።

ቅን ሰው፦ ሐሳቤን ነው የተናገርኩት።

ሲስተር፦ ክሮንስን ክትባት አያመጣውም። ለወላጆች የሚጠቅመው ይህ ነው፦ መከላከያ የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ሕያው ክትባት (የተዳከመ ሕያው ጀርም ያለበት) አይወስድም፤ እንደ ጉንፋን መርፌ ያሉት ሕያው ያልሆኑት ግን ያስፈልጉታል። ያልፈላ ወተትም አይጠጣ። ሌላ ክርክር እዚህ አልቀጥልም።

የሃና አባት፦ እሺ፣ ካልፕሮቴክቲኑን አስለካለሁ። አመጋገቡን ግን ማቆም አልፈልግም። በምን ልከታተላት?

ሲስተር፦ አቁም አላልኩህም። መድኃኒቱን ተክቶ አይሁን ነው ያልኩት። ማንኛውም ወላጅ አዲስ ነገር ሲሞክር እንዲህ ያድርግ። ከመጀመርህ በፊት ካልፕሮቴክቲን፣ ሲአርፒ (በደም የሚታይ የብግነት ልክ)፣ የደም ማነስ፣ አልቡሚን (የደም ፕሮቲን)፣ ቫይታሚን ዲ ይለካ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ፤ ሦስት ነገር አብረህ ጀምረህ ብትሻላት የቱ እንደሠራ አታውቅም። ለምን ያህል ጊዜ እንደምትሞክር ከሐኪሙ ጋር ቀን ቁረጥ። ሲደርስ እንደገና ለካ፣ ቁጥሩ ካልወረደ ተው።

ከሁሉ በላይ ግን ቁመቷን ለካ። ቁመት! ወላጅ ተቅማጡን ይቆጥራል፣ የእድገት ሰንጠረዡን ግን አያይም። ክሮንስ ከተቅማጥ በፊት ቁመትን ሊያቆም ይችላል፤ ጓደኞቿ ሲረዝሙ እሷ ባለችበት ከቀረች፣ የጉርምስና ምልክትም ከዘገየ፣ ብግነቱ አልበረደም ብለህ ተጠራጠር። አጥንት የሚያድግበት ክፍል ጉርምስና ሲያልቅ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የትኛውም መድኃኒት፣ የትኛውም ዕፅ፣ የትኛውም አመጋገብ ያንን ቁመት አይመልሰውም። አዋቂ ሰው አንድ ዓመት ሞክሮ ባይሆንለት ሌላ ዓመት አለው፣ የ12 ዓመት ልጅ ግን የለውም። ስንት ዓመቷ ነው?

የሃና አባት፦ 12።

ሲስተር፦ እንግዲያው የድሮ ልኮቿን ከክሊኒኩ አስወጣና በሰንጠረዡ ላይ አስቀምጥ። መስመሩ ወደ ታች ከታጠፈ የሰገራ ውጤቱ እስኪመጣ አትጠብቅ፣ ቀጠሮዋን አስቀድም።

ጠያቂ፦ 9 ዓመቱ ነው፣ ሜቶትሬክሴት ይወስዳል። ከትናንት ጀምሮ ሆዱ ተነፍቶ ያስመልሰዋል፣ ለዚህ ነበር ተፈጥሯዊ ነገር የጠየቅኩት።

ሲስተር፦ ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብህ! የሆድ መነፋትና ማስመለስ አንጀቱ ጠብቦ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ምንም አትስጠው፣ ምግብም ዕፅም። ይህን ማንበብ ተውና አሁን ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰደው፤ የመድኃኒቶቹን ስም ይዘህ ሂድ።