ዳይፐር ለመቀየር 120 ሰዓት ክላስ?

የዚህ ወር ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ጉዳይ ላይ ገጠሙ። ሁሉም የመጡት ሦስት ዓመት ካልሞላቸው ልጆች ጋር ከሚውሉ ሰዎች ነው። ትንሽ አሳጥረናቸዋል፤ ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ አንድ ደይኬር (የሕፃናት መዋያ)፣ የጨቅላዎቹ ክፍል ውስጥ ረዳት ሆኜ ነው። 52 ዓመቴ ነው። ሦስት ልጆች አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ አብቅቻለሁ። አሁን ዳይሬክተሯ ሲዲኤ የሚባለውን የሙያ ወረቀት ካልያዝሽ አይሆንም ትለኛለች። ዳይፐር ለመቀየርና ጡጦ ለመስጠት 120 ሰዓት ክላስ ምን ያደርግልኛል? እንግሊዝኛዬም ያን ያህል ነው።

መልስ፦ እትዬ፣ ጥያቄዎ ሁለት ነው፤ አንዱ ስለ ወረቀቱ፣ አንዱ ስለ ትምህርቱ። ወረቀቱ ስለሚቀል ከሱ እንጀምር።

ዳይሬክተሯ ከራሷ አላመጣችውም። ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ መሠረት የደይኬር ረዳት መምህር ቢያንስ ሲዲኤ፣ ዋና መምህር ደግሞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የኮሌጅ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል። ቀነ ገደቡ ሲገፋ ሲገፋ ከርሞ አሁን አልፏል። ሲዲኤ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለትንንሽ ልጆች መምህራን የሚሰጥ የሙያ ማረጋገጫ ነው። አሁን የሚሰጠው ካውንስል ፎር ፕሮፌሽናል ሪኮግኒሽን የሚባለው ድርጅት ነው፤ ቢሮውም እዚያው ዲሲ ነው።

የሚጠየቀው ይኸው ነው። የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ወይም ጂኢዲ (እሱን የሚተካ ፈተና)፤ በስምንት ርዕሶች የተከፈለ 120 ሰዓት ሥልጠና፤ ከልጆቹ ጋር የ480 ሰዓት ሥራ፤ ፖርትፎሊዮ (የሥራዎ ማስረጃና ጽሑፎች የሚሰበሰቡበት ማኅደር)፤ ገምጋሚ መጥታ ክፍልዎ ውስጥ ሲሠሩ የምታይበት ቀን፤ በመጨረሻም 65 ጥያቄ ያለው የኮምፒውተር ፈተና። 480 ሰዓቱ ሙሉ ቀን ለሚሠራ ሰው የሦስት ወር ሥራ ነው፤ እርስዎ ይሄኔ ጨርሰውት ይሆናል። ሲያመለክቱ «ኢንፋንት ቶድለር» የሚለውን ይምረጡ፣ ከልደት እስከ 36 ወር ያሉትን ልጆች የሚመለከተው እሱ ነው። የአገር ቤት የ12ኛ ክፍል ወረቀትዎን ካመጡት ደግሞ ቶሎ ያስተርጉሙት። ብዙ ሰው ሁሉን ጨርሶ የሚቆመው እዚህ ጋ ነው።

ስለ እንግሊዝኛው አይጨነቁ፤ ቢያንስ በጣም አይጨነቁ። ዲሲ ውስጥ የሲዲኤ ኮርስ በአማርኛም ተሰጥቷል፤ እርስዎ የሚሠሩበት ከተማ ለዚህ የተመቸ ነው። ኮርስ ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ ቲች ስለሚባለው ስኮላርሺፕ ይጠይቁ፣ ከኪስዎ ብዙ ሳያወጡ ሊጨርሱ ይችላሉ። ወረቀቱ ደመወዝ ላይም ይታያል። ከተማው እ.ኤ.አ. በ2022 ለደይኬር ረዳት መምህራን እስከ 10 ሺህ፣ ለዋና መምህራን እስከ 14 ሺህ ዶላር በቀጥታ ሲከፍል ብዙ ሐበሾች ሳይቀሩ ወስደዋል። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ በደይኬሮቹ በኩል፣ እንደ ሥራ መደቡና እንደ ትምህርት ደረጃው እንዲከፈል ሆኗል። በጀቱ በየዓመቱ ክርክር አያጣውም። ዘንድሮ ስንት እንደሆነ ዳይሬክተሯን ፊት ለፊት ይጠይቋት።

አሁን ወደ ዳይፐሩ።

አንድ የሰባት ወር ልጅ ደይኬር ሲውል አራት አምስት ጊዜ ይቀየራል እንበል። አንዷ ረዳት ጓንቷን ታጠልቅና ከጓደኛዋ ጋር ስለ ቅዳሜው ሠርግ እያወራች፣ ልጁን ገልበጥ ቀና አድርጋ በሁለት ደቂቃ ትጨርሳለች። ልጁ ንጹሕ ነው፤ ማንም አይከሳትም። ሌላዋ ከመጀመሯ በፊት ፊቱን ታያለች። «ላነሳህ ነው» ትለውና እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ጠረጴዛው ላይ «እግርህን ስጠኝ» ብላ ዝም ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ምንም የለም፣ ልጁ ጣሪያውን ያያል። እየዋለ እያደረ ግን «እግርህን» ስትል እግሩን ራሱ ያነሳላታል። ቋንቋው፣ ተራ መጠበቁ፣ የሚነካኝ ሰው አስቀድሞ ያስታውቀኛል የሚለው እምነት፣ ሁሉም የሚመጣው ከዚያች ጠረጴዛ ነው። ሐኪሟ ኤሚ ፒክለር እ.ኤ.አ. በ1946 ቡዳፔስት ውስጥ በከፈተችው የሕፃናት ማሳደጊያ ሥራዋን ሁሉ የገነባችው በዚህ ላይ ነው፤ ከሷ የተማረችው ማግዳ ገርበር ደግሞ ካሊፎርኒያ ድረስ ወሰደችው። ዛሬ ጥሩ ኮርስ ውስጥ ሲገቡ የነዚህ ሴቶች ሐሳብ ስማቸው ሳይጠራም ይደርስዎታል።

የሥልጠናው ዋና ነገር ይህ ይመስለኛል። ለእንዲህ ያለ ልጅ ትምህርት የሚባለው መመገቡ፣ መቀየሩና ማስተኛቱ ራሱ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ፊደልና ቀለም ለወላጅ ነው።

አንድ ነገር ግን የግድ አዲስ የሚሆንብዎት አለ፤ እንቅልፉ። እኛ ልጅ ሲተኛ መደረብ ነው ፍቅራችን። በነጠላ ሸፈን፣ በብርድ ልብስ ጠቅለል፣ ጎን ጎኑን በትራስ ደገፍ። እዚያ ይህ ሁሉ ክልክል ነው። ዓመት ላልሞላው ልጅ በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ አልጋው ውስጥ ከአንሶላው በቀር ምንም ሳይኖር። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በጀርባ ማስተኛትን መምከር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው፤ በ1994 አገር አቀፍ ዘመቻ ሆነ፤ በዓመታት ውስጥ የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት በግማሽ ገደማ ወረደ። የእርስዎ ሦስት ልጆች በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በሰላም አድገዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደይኬር ውስጥ ግን ከሌላ ረዳት ጋር ሆነው የስምንት ሰው ልጆች ነው የሚጠብቁት። የአንዱ እናት ብርድ ልብሱን አምጥታ «አደራ እንዳይበርደው» ስትልዎት እምቢ የሚሉበት ቃል ያስፈልግዎታል። ያንንም ክላስ ውስጥ ነው የሚለማመዱት።

ደግሞ ለሕፃን በአማርኛ ማውራት፣ እሹሩሩ ማለት ነውር የለውም። ጉዳቱ ዝምታው ነው። እንግሊዝኛዬ ይሰበርብኛል ብለው ቀኑን ሙሉ ዝም ከሚሉ በገዛ ቋንቋዎ ያጫውቱት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ የቶድለሮች (መራመድ የጀመሩ ልጆች) ክፍል ውስጥ እሠራለሁ (አዎ፣ ወንድ፤ ሰው ሁሌ ይገርመዋል)። 120 ሰዓቱን ኦንላይን ርካሽ ቦታ አግኝቼ ማታ ማታ ጨረስኩ። እውነቱን ለመናገር ቪዲዮው እየሄደ ስልኬን ነበር የማየው፣ ፈተናውም እስክታልፍ ድረስ ይደገማል። ሰርተፊኬቱ መጣ። አሁን አንድ የ19 ወር ልጅ አለ፣ ሰው ይነክሳል። በዚህ ሳምንት ሁለት ልጆች ላይ ጥርሱን አሳርፏል። ወላጆች ተናደዋል። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ግልጽነትህ አመሰግናለሁ። ሰዓቱን ገዝተሃል፣ ሥልጠናውን ግን ገና አላገኘኸውም። ብቻህን አይደለህም።

መጀመሪያ ንክሻው። በዚህ ዕድሜ መንከስ ክፋት አይደለም። ልጁ ሐሳብ አለው፣ ቃል የለውም፤ አፉ ግን ቅርብ ነው። ጥርስ እየወጣበት ይሆናል፣ ርቦት ይሆናል፣ አሻንጉሊቱን ሊቀሙት መጥተው ይሆናል፣ ወይ ደግሞ አምስት ልጅ አንድ ምንጣፍ ላይ ተደራርቦ ጠቦት ይሆናል። ቨርጂኒያ ከ16 ወር እስከ ሁለት ዓመት ላሉት አንድ ሰው ለአምስት ልጅ ይፈቅዳል። ድልድዩን ተሻግረህ ሜሪላንድ ብትገባ ለዚሁ ለ19 ወር ልጅ አንድ ለሦስት ነው። የልጁ ጥርስ አንድ ነው፣ ሕጉ ግን በወንዝ ይለያያል! ሁለት ዓይን ለአምስት ልጅ እንደማይበቃ ማወቅህ ራሱ ጥሩ ነው፤ ልጁን ክፉ ከማለት ያድንሃል።

ነገ ጠዋት አንድ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፍ፣ ወላጅ የማያየው ቦታ። በነከሰ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ ከዚያ በፊት በነበረው አንድ ደቂቃ ውስጥ የሆነውን ጻፍ። ብዙ ጊዜ ሳምንት ሳይሞላ ቅርጹ ይወጣል። ሁሌ ከምሳ በፊት፣ ሁሌ በሩ አጠገብ ሲተፋፈጉ፣ ሁሌ ከዚያች አንዲት ልጅ ጋር። ቅርጹ ከታወቀ በዚያ ሰዓት አጠገቡ አንተ ትቀመጣለህ፣ መክሰሱን ትንሽ ታስቀድማለህ፣ ከተወደደው መኪና ሁለተኛ ታመጣለህ። ሲነክስ መጀመሪያ የተነከሰው ጋ ሂድ፣ አባብለው፣ ቁስሉን እጠበው። ለነካሹ አጭር ቃል ይበቃዋል፤ «አይሆንም፣ ያማል።» ስብከት አያስፈልግም። መልሶ ነክሶ «እንዲህ ያማል» ብሎ ማሳየት የሚባለውን የሰፈር ዘዴ ደግሞ እርሳው፤ ሥራህን ታጣበታለህ፣ ልጁም የሚማረው ትልቅ ሰውም እንደሚነክስ ነው። ለተነከሰው ልጅ ወላጅ ማን እንደነከሰ አትናገር። ምን እያደረግህ እንዳለህ ግን በዝርዝር ንገራቸው፣ ወረቀቱንም ይዘህ።

ወደ ሥልጠናው ስመለስ፣ ከከፈልክ በኋላ ገንዘቡ አይመለስም፣ ሰዓቱንም እንደገና ቁጠር አልልህም። ግን አንድ ነገር አጣራ። በስምንቱም ርዕሶች ቢያንስ አሥር አሥር ሰዓት መሙላቱን፣ የሰጠህም ድርጅት በትንንሽ ልጆች መምህርነት የሚያሠለጥን መሆኑን። የጎደለ ካለ አሁን ማወቁ ይሻላል። ከዚያ ደግሞ ክፍልህ ድረስ መጥቶ የሚያይህ ሰው ፈልግ። ደይኬርህ አሠልጣኝ ካላመጣ ዋና መምህርቷን ለመኛት፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብላ ትይህና ያየችውን ትንገርህ። ፖርትፎሊዮው ላይ ስድስት ጽሑፎች በራስህ አነጋገር ትጽፋለህ። የነካሹን ልጅ ጉዳይ እዚያ ላይ ካመጣኸው ገምጋሚዋም ቁጭ ብላ ታወራሃለች፤ ከኢንተርኔት የተቀዳውንማ መጀመሪያው መስመር ላይ ታውቀዋለች።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። የምሠራው አንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ነው። የተቀጠርኩት በጽዳት ነበር፤ ማቆያው ሲከፈት «አንቺ ልጅ ትወጃለሽ» ተብዬ ተዛወርኩ። ሁለት ሆነን 11 ልጆች እንይዛለን፣ ትንሹ አራት ወሩ ነው። ሥልጠና የሚባል አላየሁም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ማቆያው የተከፈተው ከአዋጅ ነው። የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ማቆያ እንዲኖራቸው አዘዘ። የወሊድ ፈቃዱ አጭር ስለሆነ እናቲቱ ወደ ቢሮ ስትመለስ ልጇ ገና አንገቱን እያጠና ነው። ስለዚህ የሚመጣልሽ ልጅ ትንሽ መሆኑ አያስገርምም፤ የሚያስገርመው ክፍሉን አሳምሮ ቀለም የቀባ መሥሪያ ቤት ለምትይዘው ሰው ሥልጠና መርሳቱ ነው። አገራችን ውስጥ ኮሌጅ የሚሠለጥነው በአብዛኛው የመዋዕለ ሕፃናት መምህር ነው። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት የምትሠራ ሰው መሐል ላይ ወድቃለች።

ማመልከቻ ጻፊ፣ ለሰው ሀብትም ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ክፍሉም። ሥልጠና ብለሽ ብቻ አትጠይቂ፣ ስሙን ጥሪ። ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጁት ለሕፃን ዕድገት የሚደረግ እንክብካቤ ሥልጠና አለ፤ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚያወሩ በአጭር ጊዜ የሚያስተምር ነው። ከተማ አስተዳደሩም የቀዳማይ ልጅነት ሥራ ጀምሮ ቤት ለቤት ወላጆችን የሚያማክሩ ሰዎችን አሠልጥኗል፤ ወረዳችሁ ሄደሽ አብሬ ልቀመጥ ብለሽ ጠይቂ። የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ደግሞ ማንም ሳይፈቅድልሽ ቀይ መስቀል ጠይቂ፣ በተለይ ልጅ ሲታነቅ የሚደረገውን።

እስከዚያው ያለ ገንዘብ የሚሆን አንድ ነገር አለ። 11ዱን ልጆች ለሁለት ተካፈሏቸው። ስድስቱ ያንቺ፣ አምስቱ የሷ። የምታበላው፣ የምትቀይረው፣ የምታስተኛው ያቺው አንድ ሰው ትሁን። አሁን ማን ቀርቦ እንደሚያነሳው የማያውቀው ልጅ ሲበዛ ሲያለቅስ ታገኚዋለሽ፤ ሰው ሲለምድ ለቅሶው ይቀንሳል፣ አንቺም ይህ እንቅልፉ ነው ያ ረሃቡ ነው ማለት ትጀምሪያለሽ። ለየልጁ አንድ ደብተር ክፈቺ፤ ስንት ሰዓት ጠባ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ሆዱ እንዴት ነበር። እናቲቱ በምሳ ሰዓት ልታጠባ ስትመጣ ታንብበው። ቴሌቪዥኑን አጥፊው። አለቃ ቢቆጣ እኔ አልኩ በይ።

ጥያቄ፦ ሲዲኤዬ ሊያልቅ ነው። እንደገና ሀ ብዬ ልጀምር?

መልስ፦ አይ፣ አትጀምሪም። ሦስት ዓመት ነው የሚያገለግለው፤ ሳያልቅ ካደስሽው 120 ሰዓቱ አይደገምም። አዲስ 45 ሰዓት ሥልጠና፣ የቅርብ ጊዜ የ80 ሰዓት ሥራ፣ ያላለፈበት የሕፃናት የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሰርተፊኬት ያስፈልግሻል። ቀኑ ካለፈ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ካርዱን አውጥተሽ ቀኑን አሁኑኑ እዪው።